ኬላ፣ ወንፊት፣ ማጣራት፦ በራውተሮች መካከል የሚተላለፍ የመንገድ ወሬ ገደብ በአማርኛ ሲገለጽ

በገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ ጭነቱን አስሮ ወደ መተማ ለመነሣት የተዘጋጀ የከባድ መኪና ሹፌር አስቀድሞ የሚፈልገው ወሬ ነው። ዶካ ላይ ዝናብ ጥሏል ወይ? ጋላባት ክፍት ነው ወይ? ከመተማ ዮሐንስ ወደ ገንዳ ውኃና ወደ ጎንደር መኪና ያልፋል ወይ? መልሱን ከሌሎች ሹፌሮች፣ ከደላሎችና ከሻይ ቤት ይሰበስባል፤ ወሬውም በዓረብኛም በአማርኛም ይደርሰዋል። ሹፌሩ የሰማውን ሁሉ አያምንም፤ ካመነውም ውስጥ ለሌላ የማይነግረው አለ። መኪናው ከተነሣ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል፤ ኬላ። ኬላው የሚፈትሸው ጭነትን ነው እንጂ ወሬን አይደለም።

ራውተር የተባለው የኔትወርክ መሣሪያም እንዲሁ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ጭነት ማሳለፍ ነው፤ በአንድ በር የገባውን የመረጃ እሽግ አድራሻውን አይቶ በሌላ በር ያወጣዋል። ሁለተኛው ከጎረቤት ራውተሮች ጋር ወሬ መለዋወጥ ነው፤ የትኛው አድራሻ በየት በኩል እንደሚገኝ ይሰማል፣ ይነግራል፣ በሰማውም የራሱን የመንገድ ሰሌዳ ይሞላል። ባለሙያው በሁለቱም ሥራዎች ላይ ገደብ ሊጥል ይችላል። ሁለቱ ገደቦች ግን አንድ አይደሉም፤ በአማርኛ ሲነገሩ ግን ሁለቱም «ፊልተር» ወይም «ማጣሪያ» ይባላሉ። ጉዳዩ በቅርብ ሲታይ በዚህ አንድ ስም ሥር ሦስት የተለያዩ ተግባራት ተጠቃለዋል። ለሦስቱም የሚስማሙ ቃላት በጠረፉ ሕዝብ የዕለት ንግግር ውስጥ ቀድሞውኑ አሉ።

«ማጣሪያ» ብዙ የተሸከመ ቃል ነው። የውኃ ማጣሪያ ቆሻሻን ከንጹሕ ይለያል፤ የነዳጅ ማጣሪያ ድፍድፉን ወደ ሌላ ነገር ይለውጣል፤ የማጣሪያ ጨዋታ ከብዙ ቡድኖች ጥቂቶቹን ያሳልፋል። «ጉዳዩ ይጣራ» ሲባል ደግሞ ማንም ነገር አይለይም፤ የተባለው እውነት መሆኑ ይመርመር ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ጀማሪ ባለሙያ «በጋላባት በኩል የሚመጣውን አጣራ» የሚል ትእዛዝ ቢደርሰው፣ እሽጎቹን እንዲያግድ፣ የመንገድ ወሬውን መርጦ እንዲቀበል፣ ወይም የወሬውን ባለቤት እንዲያረጋግጥ እንደታዘዘ ከቃሉ ሊያውቅ አይችልም። ሦስቱ ትእዛዞች የሚያስከትሉት ውጤት እጅግ የተራራቀ ነው።

ለመጀመሪያው «ኬላ» የሚለው ቃል ይበቃል። ኬላ በመንገድ ላይ ያለ መፈተሻ ነው፤ መንገዱ መኖሩን አይክድም፤ የሚያልፈውን ጭነት ግን ያቆማል ወይም ያሳልፋል። እሽጎችን በአድራሻቸውና በዓይነታቸው የሚያግደው ዝርዝር የሚሠራው ይህንኑ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ውይይት የሚያተኩረው በወሬው ላይ ነው።

«ወሬ» የሚለው ቃል እዚህ የተመረጠው ሆን ተብሎ ነው። በሌሎች ቋንቋዎች የተለመደውን አጠራር ተከትሎ «ማስታወቂያ» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ማስታወቂያ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚለጠፍ ነው። የራውተሮች መልእክት ከጎረቤት ወደ ጎረቤት፣ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ ይሄዳል፤ በየደረጃውም ተናጋሪው ይለወጣል። በዓለም ያሉ ታላላቅ ኔትወርኮች ይህን ወሬ የሚለዋወጡበት ሥርዓት ቢጂፒ ይባላል። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አራተኛው ዕትም ደረጃው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2006 ጸድቋል። በሥርዓቱ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ኔትወርክ መለያ ቁጥር አለው፤ የኢትዮ ቴሌኮም 24757፣ የሱዳቴል 15706 ነው። የመልእክቱ ፍሬ ነገር አጭር ነው፦ «ይህ የአድራሻ ወገን በእኔ በኩል ይገኛል።»

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው በአቅጣጫ ላይ ነው። መተማ ያለ ራውተር ገዳሪፍ ላለው «ወደ ጎንደር በእኔ በኩል ነው» ቢለው፣ ወሬው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተጓዘ። በዚያ ወሬ ምክንያት የሚንቀሳቀሰው ጭነት ግን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ወሬ የሄደበት ጭነት ይመለስበታል። በመሆኑም «ወደ ውስጥ የሚመጣ ጭነት በዝቶብኛል» የሚል ሰው ገደብ የሚጥለው በሚናገረው ላይ ነው፤ በሚሰማው ላይ የሚጥለው ገደብ የሚለውጠው ከእርሱ የሚወጣውን ጭነት ነው። «ገቢ ማጣሪያ» እና «ወጪ ማጣሪያ» የሚሉት ሐረጎች ይህን ይሰውሩታል፤ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚወጣ አይናገሩምና። «የሚሰማ ወሬ» እና «የሚነገር ወሬ» ቢባል ግን ስሕተቱ ገና ከመነሻው አይፈጠርም።

ሁለተኛው ቃል «ወንፊት» ነው። ይህን ለማየት ስለ አድራሻ ወገን ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የኔትወርክ ሰዎች የአድራሻ ወገንን ፕሪፊክስ ይሉታል። የቋንቋ ተመራማሪ ፕሪፊክስ ሲሰማ «የ-»፣ «በ-»፣ «ስለ-» ይታዩታል፤ ትይዩነቱ ግን ከስም ያልፋል። እዚህም ፕሪፊክስ የአድራሻው መነሻ ክፍል ነው፤ ርዝመቱ በቁጥር ይጻፋል፤ መነሻው በረዘመ መጠን የሚጠቁማቸው አድራሻዎች ያንሳሉ። ርዝመቱ 22 የሆነ ወገን 1,024 አድራሻዎችን ይይዛል፤ 24 የሆነው 256 ብቻ። ራውተር ለአንድ አድራሻ ሁለት ወሬ ከሰማ ረጅሙን፣ ማለትም ይበልጥ ዝርዝር የሆነውን ይከተላል። «ወደ ጎንደር በዚህ» እና «ወደ አዘዞ በዚያ» የተባለ መንገደኛ አዘዞ የሚሄድ ከሆነ ሁለተኛውን እንደሚሰማ ሁሉ ማለት ነው።

ወንፊት የሚለየው በመጠን ነው። የፕሪፊክስ ዝርዝር የሚሠራውም በዚሁ ነው፤ «በዚህ ወገን ሥር ያሉ፣ ርዝመታቸው ከ22 እስከ 24 የሆኑ ይለፉ» ይላል። ከ24 በላይ የረዘመ ወገን በአብዛኞቹ ኔትወርኮች ወንፊት ላይ ይቀራል፤ እንዲህ ያለውን ቁርጥራጭ ሁሉ ቢቀበሉ ሰሌዳው ይሞላልና። ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2014 የዓለሙ ሰሌዳ 512,000 ገደማ ሲደርስ ከዚያ በላይ መያዝ ያልቻሉ አሮጌ ራውተሮች በብዙ አገር ተሰናክለዋል። ዛሬ ሰሌዳው ከ900,000 በላይ ነው። «ወንፊት» የሚለው ቃል አንድ ጉድለት ግን አለው። ዱቄት የሚነፋ ሰው የሚፈልገው ያለፈውን ነው፤ ሰሊጥ የሚያጠራ ሰው ደግሞ አቧራው አልፎ ፍሬው ከላይ እንዲቀር ይፈልጋል። ስለዚህ ወንፊቱ ብቻውን በቂ አይሆንም፤ ከእያንዳንዱ መስመር ጋር «ይለፍ» ወይም «ይቅር» መባል አለበት። «ይለፍ» በይለፍ ወረቀትና በይለፍ ቃል የለመድነው ስለሆነ አያስቸግርም። «ይቅር» ይቅርታን ማስታወሱ ፈገግ ያሰኛል፤ ሆኖም «ይመለስ» ከሚለው ይሻላል፤ በወንፊት የቀረ ወሬ ወደ ተናጋሪው ተመልሶ አይሄድምና፤ ተናጋሪውም እንዳልተሰማ አያውቅም።

ወንፊት በሌለበት ምን እንደሚደርስ የሚያሳየው ዝነኛው ምሳሌ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 የተፈጸመው ነው። የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ እንዲዘጋ ታዘዘ። ዩቲዩብ ርዝመቱ 22 የሆነ ወገን ያስነግር ነበር፤ ፓኪስታን ቴሌኮም በውስጡ ካለው ርዝመቱ 24 የሆነ ቁራሽ «በእኔ በኩል ነው» የሚል ወሬ ፈጠረ። ዓላማው የአገሩን ጭነት ወደ ራሱ ስቦ መጣል ነበር። ወሬው ግን ከአገር ወጣ፤ መቀመጫው ሆንግ ኮንግ የሆነው ፒሲሲደብሊው የተባለው አገናኝ ኔትወርክም ሳይነፋ ተቀበለውና ለዓለም ነገረ። ዝርዝሩ ወሬ አጠቃላዩን ስለሚያሸንፍ የዓለም ጭነት ወደ ፓኪስታን ዞረ፤ ዩቲዩብ ለሁለት ሰዓት ያህል ጠፋ። እዚህ ላይ ሁለት ጥፋቶች አሉ፤ የተናጋሪውና የሰሚው። የሰሚው ይከፋል፤ ደንበኛው የትኞቹ አድራሻዎች እንዳሉት ማወቅና ሌላውን ማስቀረት የእርሱ ድርሻ ነበርና። የዚህ ተቃራኒ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2011 መጨረሻ በግብፅ ታይቷል፤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ 3,500 ያህል የግብፅ መንገዶች ወሬ ከዓለም ሰሌዳ ተሻረ። የተቀመጠ ኬላ አልነበረም፤ ወደ አገሩ መንገድ መኖሩ ራሱ መነገር ቆመ።

ቢጂፒ ራሱ የወሬን ሂደት በሦስት ሰሌዳ ይከፍለዋል፤ ከጎረቤት የተሰማው፣ ተመርጦ የተያዘው፣ ለጎረቤት የሚነገረው። ሰማ፣ ያዘ፣ ነገረ። ወንፊት በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል፣ ደግሞም በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ሊቀመጥ ይችላል። በአንድ ድርጅት ውስጥ የሚሠራበት ኦኤስፒኤፍ የተባለው ሥርዓት ግን ይህን አይፈቅድም። በአንድ ቀጠና ያሉ ራውተሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ካርታ መያዝ አለባቸው፤ አንዱ የሚሰማውን ቢገድብ እንኳ ገደቡ የራሱን የመንገድ ሰሌዳ ብቻ ይነካል፤ ካርታውን ለጎረቤቱ ሳይቀንስ ያሳልፋል። አላምንም ይላል እንጂ አልናገርም ሊል አይችልም። ሁለቱንም ሥርዓቶች «አጣራ» በሚል ግሥ ያስተማረ መምህር ይህ ልዩነት ለተማሪው እንዴት እንደሚደርሰው መገመት ያስቸግራል።

ከዚህ በላይ የቋንቋ ተመራማሪን የሚስበው «በእኔ» የሚለው ቃል ነው። አማርኛ በተጠቀሰ ንግግር ውስጥ መደብን ሊያዛውር መቻሉ የታወቀ ነው። «ካሳ ጀግና ነኝ ይላል» ሲባል ጀግናው ካሳ ነው፤ ተናጋሪው ሊሆን የሚችልበት አግባብ ግን አልተዘጋም። ፊሊፕ ሽሌንከር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጥናት ይህን የአማርኛ ባሕርይ ተንተርሶ፣ «እኔ» ምንጊዜም የሚያመለክተው የአሁኑን ተናጋሪ ነው የሚለውን የዴቪድ ካፕላንን አስተሳሰብ ሞግቷል። ራውተሮችም ይኸው ጥያቄ አለባቸው። ወሬው ከአንድ ኔትወርክ ወደ ሌላ ሲሻገር ተሻጋሪው ራውተር «በእኔ» የሚለውን ወደ ራሱ ያዞራል። በዚያው ኔትወርክ ውስጥ ላለ ባልደረባው ሲነግር ግን የውጭውን ተናጋሪ ቃል እንዳለ ይጠቅሳል፤ «በእኔ» ያኔ አሁንም የውጭው ሰው ነው። ባልደረባው ያን የውጭ ሰው የሚያገኝበት መንገድ ከሌለው ወሬው ተሰምቶ ሳይጠቅም ይቀራል። መፍትሔው ጠቃሹ «እኔ» ሲል ራሱን እንዲያመለክት ማዘዝ ነው። ይህ የአማርኛ ተናጋሪ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚገባው ነገር ነው፤ መደብ በማይዛወርበት ቋንቋ ለሚማር ሰው ግን ረጅም ማብራሪያ ይጠይቃል።

የጠቃሾቹ ሰንሰለትም በወሬው ውስጥ ተጽፎ ይሄዳል። «መተማ፣ ጎንደር መንገዱ ክፍት ነው ብሏል ብሎ ነገረኝ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ቅርቡ ተናጋሪ በመጀመሪያ፣ የወሬው ምንጭ ቀጥሎ ይመጣል። የቢጂፒ የኔትወርክ ቁጥሮች ቅደም ተከተልም ይኸው ነው፤ ከግራ ጎረቤቱ፣ ከቀኝ መጨረሻ ምንጩ። ስለዚህ ወንፊት በአድራሻ ብቻ ሳይሆን በአፍም ሊሠራ ይችላል፤ «ከዚህ ጎረቤት፣ ምንጩ ራሱ የሆነውን ብቻ አሳልፍ»። አንድ ራውተር በሰንሰለቱ ውስጥ የራሱን ቁጥር ካየም ወሬውን ይጥላል፤ የገዛ ወሬው ዞሮ መጥቷልና።

ሰንሰለቱ ሲጠፋ ግን ነገሩ ይበላሻል፤ የሚጠፋውም ወሬ ከአንድ ሥርዓት ወደ ሌላ ሲተረጎም ነው። በመተማ በአማርኛ የተነሣ ወሬ ጋላባት ላይ በዓረብኛ ቢነገር፣ ሌላ ሰው ደግሞ ከዚያ ሰምቶ በአማርኛ ቢመልሰው፣ መተማ ያለው ሰው ከሁለት ወገን የተረጋገጠ ዜና የሰማ ይመስለዋል። «መንገዱ ተዘግቷል አሉ» የሚለው «አሉ» በሱዳን ዓረብኛ «ጋሉ» ይሆናል፤ እነማን እንዳሉ ግን ሁለቱም አይናገሩም። ሪፕ እና ኦኤስፒኤፍ በሁለት ራውተሮች ላይ በሁለቱም አቅጣጫ ሲተረጎሙ የሚሆነው ይህ ነው። ሪፕ ርቀትን በራውተር ብዛት ይቆጥራል፤ 15 የመጨረሻው፣ 16 የማይደረስበት ነው። ኦኤስፒኤፍ ሌላ መለኪያ አለው፤ ስለዚህ ሲተረጎም የመጀመሪያው ርቀት ይጠፋል፤ ሩቁ ቅርብ ሊመስል ይችላል። በአንድ ታዋቂ ፋብሪካ ራውተሮች ላይ ደግሞ የኦኤስፒኤፍ ቃል የእምነት ደረጃው 110፣ የሪፕ 120 ነው፤ ያነሰው ይታመናል። ስለዚህ በሪፕ የተነሣው እውነተኛ ወሬ በኦኤስፒኤፍ ዞሮ በመጣው የራሱ ጥላ ይሸነፋል፤ ጭነቱም በክብ ይዞራል። መድኃኒቱ በትርጉም በር ላይ ወሬውን ምልክት ማድረግና ምልክት ያለበትን በሌላው በር ወደ መጣበት እንዳይመለስ ማስቀረት ነው። የውሰት ቃላትን ታሪክ የሚያጠና ሰው ይህን ምልክት ሳይመኘው አይቀርም።

ከዚህ በመቀጠል የዝምታ ጉዳይ አለ። ባለሙያው ወንፊት ካላስቀመጠ በልማድ ሁሉም ያልፍ ነበር። ወንፊት አስቀምጦ በውስጡ አንድ «ይለፍ» ብቻ ቢጽፍ ግን ያልተጠራው ሁሉ ይቀራል። ሁለቱ ዝምታዎች ተቃራኒ ፍቺ አላቸው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2017 የወጣው 8212ኛው የኢንተርኔት ሰነድ በኔትወርኮች መካከል የመጀመሪያውን ዝምታ ገልብጦታል፤ ገደብ በግልጽ ካልተጻፈ ወሬ አይሰማም፣ አይነገርምም። ሁሉም መሣሪያዎች ግን ይህን አልተከተሉም። በአማርኛ ለሚጻፍ መመሪያ ችግሩ ይደራረባል፤ «ሁሉንም አትቀበል» አንዳችም አትቀበል ሊሆን ይችላል፤ የምትቀበለውን ምረጥ ሊሆንም ይችላል። የአሉታው ወሰን በቃል ሲነገር በድምፅ ሊለይ ይችል ይሆናል፤ በጽሑፍ ግን አይለይም። «ምንም አትቀበል» ወይም «ከተጠቀሱት ሌላ አትቀበል» ብሎ መለየት ግድ ነው።

እንበልና እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በጋላባት በኩል ለሚሻገሩ ስደተኞች የሚሠራ አንድ ቢሮ መተማ ዮሐንስ ላይ ሁለት መስመር ተከራይቷል፤ አንዱ በኢትዮጵያ፣ አንዱ በሱዳን በኩል። ቢሮው ከሁለቱም ወገን «የዓለም መንገድ ሁሉ በእኔ ነው» የሚለውን አጠቃላይ ወሬ ብቻ ቢሰማ ይበቃዋል። ለሁለቱም መናገር ያለበት የራሱን አድራሻ ብቻ ነው። ወንፊቱን ቢዘነጋና ከአንዱ የሰማውን ዝርዝር ለሌላው ቢናገር፣ በሁለት አገር መካከል የሚሄድ ጭነት በአንዲት የቢሮ መስመር ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ሌሎቹ ኔትወርኮች ወንፊት ከሌላቸው ማለት ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ደግሞ በመስመሩ ማዶ ያሉ ዘመዶቻቸውን ለማግኘት ስልክ በያዙት ላይ ነው።

ሦስተኛው ቃል «ማጣራት» ነው፤ በሁለተኛው ፍቺው፣ ወሬ ማጣራት በሚባልበት። ወንፊት መጠንን ያያል እንጂ ባለቤትን አያውቅም። የአፍሪካ አድራሻዎች መዝገብ የሆነው፣ መቀመጫው ሞሪሸስ ያለው አፍሪኒክ፣ የአድራሻ ባለቤቶች «ይህን ወገን ሊያስነግር የሚችለው ይህ ቁጥር ያለው ኔትወርክ ነው፤ ርዝመቱም ከዚህ አይበልጥም» የሚል በምስጢራዊ ፊርማ የታሰረ ቃል እንዲያስመዘግቡ ያደርጋል። ራውተሩ የሰማውን ከዚህ ጋር አስተያይቶ ከሦስት ፍርዶች አንዱን ይሰጣል፤ ትክክል ነው፣ ሐሰት ነው፣ ቃል አልተገኘለትም። ሦስተኛው ፍርድ ከሁለተኛው ጋር መምታታት የለበትም፤ ያልተመዘገበ ሁሉ ሐሰተኛ አይደለምና። ማጣራቱም ቢሆን የሚመረምረው የምንጩን ስም ብቻ ነው፤ በመካከል ያሉት ጠቃሾች እውነት መናገራቸውን አያውቅም። ምንጩ ትክክል የሆነ ወሬ በተሳሳተ አፍ ሲሄድ የሚያስቀረው አሁንም ወንፊት ነው።

በድንበሩ ማዶ ዓረብኛም ከተመሳሳይ ችግር አላመለጠም። «ተስፊያ» ማጥራት ነው፤ ሒሳብን ዘግቶ ድርጅት ማፍረስም፣ ሰውን ማጥፋትም ተስፊያ ይባላል። በጦርነት ጊዜ ለሁለት አገር ባለሙያዎች በሚጻፍ የሥራ መመሪያ ውስጥ ይህን ቃል ማስገባት ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ጊርባል» ግን ወንፊት ብቻ ነው፤ የገዳሪፍ የሰሊጥ ነጋዴም የመተማ እናትም በየቤታቸው አላቸው።